የሚስተር ኩሪያን ራስ

መምህርት ወይንሸት ስትሄድ ያየ ሰው፣ አንድ ነገር ደርሶባት ነው ብሎ መንገድ ይለቅላት ነበር። የደረሰባት ነገር የለም፤ አረማመዷ ነው። ከማራኪ ተነስታ የጎንደርን ፒያሳ አልፋ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ትከንፋለች። ስትናገር ደግሞ እጆቿ ከአፏ ይቀድማሉ። ተማሪዎቿ በሌለችበት «ነፋሷ» ይሏታል፤ ታውቀዋለች፣ ደስም ይላታል።

እጇ እንዲህ የፈጠነው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከጎንደር ወጣ ብሎ ጠዳ ውስጥ ስትወለድ ቤት የጠበቃት ታላቅ ወንድሟ ሰጠኝ ጆሮው አይሰማም። ዘመዶቿ እንደሚያወሩት ከሆነ ወይንሸት በአፏ «እማዬ» ከማለቷ በፊት በእጇ «ራበኝ» ብላለች። ይህን እንኳ አጋነውት ይሆናል። እውነቱ ግን እሷ ትምህርት ቤት ስትላክ ሰጠኝ ከበሬዎቹ ጋር መቅረቱ ነው። መንደሩ ሁሉ «ደንቆሮ» ይለዋል። አማርኛችን ጆሮው የማይሰማውንም፣ ነገር የማይገባውንም በዚሁ በአንድ ቃል ጠቅልሎ ስለሚጠራ፣ ሰጠኝ አንዱ ነው ሲባል ሌላውም ተደርጎ ቀረ። ወይንሸት ያንን ቃል በሰማች ቁጥር ደሟ ይፈላል። አንድ ጊዜ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ለጨዋታ ብሎት ተነስታ ስትቆጣው፣ ሰው ሁሉ ዛሬስ ወዴት ትወሰድ ይሆን ብሎ ፈርቶላት ነበር።

ስለዚህ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የምልክት ቋንቋ የክረምት ኮርስ አለ ሲባል፣ ማስታወቂያው ተነቦ ሳያልቅ ነው እጇን ያወጣችው። ተምራ ተመለሰችና ዳይሬክተሩን ጓድ ውድነህን መግቢያ መውጫ አሳጣቻቸው። ጓድ ውድነህ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚፈሩት ከበላይ የሚመጣ ጥያቄ ብቻ ነው። መቼም አትለቀኝም ብለው ለሙከራ ጆሮዋ የማይሰማ አንዲት ልጅ ሰባተኛ ክፍል ተቀበሉላት፤ የጠዳውን የአያ አለበልን ልጅ፣ ትርንጎን።

ትርንጎ ከወይንሸት ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው እየኖሩ፣ ቀን ከሚሰሙት ልጆች ጋር ትማራለች፤ ማታ ያመለጣትን ወይንሸት በእጇ ታስረዳታለች። በጂኦግራፊ፣ በአማርኛ፣ በሳይንስ ልጅቷ ጥሩ ሄደች። በሒሳብ ግን ወደቀች፤ ያውም ክፉኛ። ደብተሯ ላይ የጻፈችውን ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ እየፋቀች ታጠፋዋለች። የፈተና ወረቀቷን ጭራሽ ባዶውን ሰጠች። ጓድ ውድነህ ወይንሸትን ጠርተው፣ የሴሚስተሩ ዕረፍት ሲያልቅ ልጅቷ ወደ ቤቷ እንደምትመለስና ከእንግዲህ እንደሷ ያለ ልጅ እንደማይቀበሉ ነገሯት። አያ አለበል ይህን ሰምተው ከጠዳ መጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ምነው መምህርት» አሉ፣ «ሸጋ ነው፣ ታውቃለች ብለሽኝ አልነበር?»

ወይንሸትን ያበገናት ይኸው ነው፤ ታውቃለች። ማታ ቤት ውስጥ ክፍልፋዩን ሁሉ እንደ ቆሎ ትቆረጥመዋለች። ታዲያ ምነው ክፍል ስትገቢ ታጠፊዋለሽ ብላ በምልክት ስትጠይቃት፣ «መምህሩ ስህተት ነው ይሉኛል» አለቻት። ወይንሸት ወደ ሒሳብ መምህሩ ወደ ሚስተር ኩሪያን ከነፈች። ሚስተር ኩሪያን ከሕንድ መጥተው ጎንደር ብዙ ዓመት ያስተማሩ፣ ቁጣ የማያውቁ ሰው ናቸው። ከአማርኛ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት «ጎበዝ» የሚለውን ቃል ነው። ስህተት ነው ብያት አላውቅም፣ ሁልጊዜ ጎበዝ ነው የምላት አሉ፤ ቅርም አላቸው። ወይንሸት ሁለቱንም ታምናለች፤ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ የሚችሉበት መንገድ ግን አልታይ አላት።

በዚሁ ዕረፍት ነው ከብዙ ውትወታ በኋላ መምህራኑን እንድታሠለጥን የተፈቀደላት። ሐበሾቹም ሕንዶቹም አንድ ክፍል ተሰበሰቡ። ወይንሸት በጉጉት ቁርስ እንኳ አልበላችም። ጠዋት ላይ፣ ፊታችሁን ለሰሌዳ ሰጥታችሁ አትናገሩ፣ መስኮቱን ከኋላችሁ አታድርጉ፣ ፊታችሁ ለልጅቷ ይጨልምባታል እያለች አስረዳች። መምህራኑ በጨዋነት ሰሟት፤ አንዳንዱ በጨዋነት አዛጋ።

ከሰዓት በኋላ ጥጥ ይዛ መጣች። የጂኦግራፊ መምህሩን አስማረን ተማሪ አደረገችው፤ ጆሮውን በጥጥ ጠቅጥቃ በላዩ ፎጣ አሰረችበት። የጥርስ ሕመምተኛ መሰለና ክፍሉ ሳቀ። ሚስተር ኩሪያን ደግሞ መምህር ሆኑ። ሰሌዳው ላይ አንድ ክፍልፋይ ጻፉለት፤ አስማረ ጠመኔ አንስቶ በትክክል ሠራው።

«ጎበዝ» አሉት ሚስተር ኩሪያን፣ ራሳቸውንም እንደ ልማዳቸው ግራና ቀኝ ወዘወዙ።

አስማረ ዳስተሩን አንስቶ መልሱን አጠፋው።

ሌላ መልስ ጻፈ፤ የተሳሳተ። ሚስተር ኩሪያን አዝነው ቆሙ፤ ራሳቸው አልተነቃነቀም። አስማረ ተገላገልኩ ብሎ ጠመኔውን አስቀመጠና ወደ ቦታው ሄደ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቀችው ወይንሸት ብቻ ናት። እባክዎ ይድገሙት አለችና ጆሮዎቿን በጣቶቿ ደፈነች። ሚስተር ኩሪያን ደገሙት። አፋቸው ተንቀሳቀሰ፤ ራሳቸው ግራና ቀኝ ሄደ። «ጎበዝ» የሚለው ሲቀነስ የቀረው አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ምልክት ነው፤ «አይደለም» የሚለው።

ይህን ራስ ስንት ጊዜ አይታዋለች! ግን ሁልጊዜ ከድምፁ ጋር ነው፤ ጆሮዋ ስለሰማ ዓይኗ አላየም። እንደሷ ያለች፣ ከምልክት ጋር ያደገች ሰው! በራሷ ተናደደች፤ ወዲያው ደግሞ ደስታው ንዴቱን ጠራርጎ ወሰደው። እየጮኸች ለሁሉም አስረዳቻቸው። በአገራቸው ያ ውዝወዛ አዎ፣ ደግ ነው፣ ተስማምቻለሁ ማለት ነው፤ ጎንደር ላይ ግን «አይደለም» ማለት ነው። የሚሰሙት ልጆች ጆሯቸው እያረመላቸው ለመዱት፤ ትርንጎን ማን ያርምላት?

ሚስተር ኩሪያን ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ታዲያ ያጠፋሁባት እኔ ነኛ» አሉ።

ወይንሸት የዚያኑ ዕለት ጓድ ውድነህ ቢሮ ገባች። ከዚያ ቢሮ እስኪፈቀድላት ድረስ እንደማትወጣ ስለሚያውቁ፣ ልጅቷ እሳቸው ባሉበት ሰሌዳ ላይ እንድትፈተን ፈቀዱ። ሚስተር ኩሪያን እስከዚያ ድረስ በመስታወት ፊት ራሳቸውን ወደ ታች ማውረድ ተለማመዱ። ሲመሽ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሲለማመዱ ያዩዋቸው ጎረቤቶች አንገታቸውን ታመሙ ብለው ሊጠይቋቸው መጡ። ወይንሸት ለትርንጎ ነገሩን በምልክት ስታስረዳት ልጅቷ መጀመሪያ አላመነችም፤ ቀጥሎ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ቀጥሎ አለቀሰች።

የፈተናው ቀን ጓድ ውድነህ እጃቸውን አጣምረው ከፊት ተቀመጡ። ሚስተር ኩሪያን ረጅሙን፣ ሰባተኛ ክፍል ሁሉ የሚፈራውን ሒሳብ ጻፉ። ትርንጎ ጠመኔውን ይዛ ትንሽ አሰበች። ጀመረች። ከመስመር ወደ መስመር ወረደች። ልጅቷ መልሱን ጽፋ ከሥሩ አሰመረችና ዞር አለች። ልክ ነው፤ ጥርት ያለ ልክ።

ሚስተር ኩሪያን ደስ አላቸው። የመስታወቱ ልምምድ ሁሉ ከአእምሯቸው በነነ። ራሳቸው በኖረበት ልማድ፣ ከወትሮው ሁሉ በርትቶ፣ ግራና ቀኝ ተወዘወዘ። የትርንጎ እጅ ወደ ዳስተሩ ሄደ፤ አነሳው።

ሰሌዳው ጋ ሳይደርስ ቆመ። ልጅቷ ሚስተር ኩሪያንን ቀና ብላ አየቻቸው፣ ፈገግታቸውንም፣ እንባ ያቀረረ ዓይናቸውንም። ዳስተሩን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ራሷን ልክ እንደሳቸው አድርጋ ግራና ቀኝ ወዘወዘችላቸው።

ጓድ ውድነህ ግራ ተጋብተው፣ አልፈልግም ማለቷ ነው ወይ ብለው ወይንሸትን ጠየቁ።

«የለም፣ ጓድ» አለች ወይንሸት፤ «ጎበዝ ነዎት እያለቻቸው ነው።»

ጓድ ውድነህ ሰሌዳውን ዳግመኛ ከላይ እስከ ታች አዩት። ተነስተው ዳስተሩን ከጠረጴዛው ላይ ወሰዱና ከልጅቷ አርቀው መስኮቱ ላይ አኖሩት።

«ማንም እንዳያጠፋው» አሉ። «ልጅቷም የትም አትሄድም።»