አባቴ ከሁለቱም ፓርቲ የመረጠ ዕለት

ትናንት በትምህርት ቤታችን ቢሮ ጸሐፊዋ ወረቀት ስትበሳ አንዲት ቁራጭ እጅጌዬ ላይ አረፈች። አነሳኋት። ትንሽ ነች፤ ትንፋሽ ይወስዳታል። ግን ይዣት ስቆም የእርጥብ ካፖርት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በአሥራ አራት ዓመቴ፣ ከአባቴ ጋር ምርጫ የሄድን ዕለት የነበረው ሽታ።

ሌክ ሲቲ የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው፤ እኔና አባቴ ብቻ። እናቴ ያረፈችው ከአገራችን ሳንወጣ ነው። ሶ ቤታችን ጸጥ ያለ ነበር፤ ፍሪጁ ሲያጓራ እንኳ ሰው የመጣ ይመስለኛል። እውነተኛው እንግዳ ቅዳሜ ቅዳሜ ከነባለቤቱ የሚመጣው የአባቴ ጓደኛ ነበር። ሁለቱ መሃል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ አብረው ይሠራሉ። እነሱ ካርታ ሲጫወቱ ባለቤቱ ጸጉሬን ትሠራኛለች። ከሳምንቱ ውስጥ ድምፅ ያለው ቀን ያ ብቻ ነበር።

አባቴ ዜግነት ያገኘው በዚያ ዓመት ነው። የተወዳዳሪዎቹ መጽሔት በፖስታ ሲመጣ መዝገበ ቃላት አጠገቡ አድርጎ ሌላ ሥራ እስኪመስል ድረስ አነበበው፤ የከበደውን እኔ አስረዳዋለሁ። ጓደኛው ግን ገና አንድ ገጽ ሳይገልጥ ወስኖ ጨርሶ ነበር። ኮሚኒስት ስለሚጠሉለት ምልክቱ ዝሆን የሆነውን ፓርቲ ነው የሚመርጠው፤ የሌላው ፓርቲ ምልክት አህያ ነው።

"አገራችን አህያ ስንነዳ ኖረን እዚህ መጥተን አህያ እንምረጥ?" ይለዋል።

አባቴም ካርታውን እየበወዘ፣ "ዝሆኑስ በየትኛው በር ይገባልሃል?" ይለዋል። ይስቃሉ።

የምርጫው ዕለት ይዘንብ ነበር። የአንድ ቤተክርስቲያን ምድር ቤት ወረድን። አባቴ ሱፉን ለብሷል፣ ቪዛ ሊጠይቅ እንደሚቀርብ ሰው። የመምረጫው ካርድ መርፌ በምትመስል ብረት ነው የሚበሳው። ለሴኔት ከአህያው ፓርቲ በሳ። ለስቴቱ ምክር ቤት ደግሞ ከዝሆኑ፤ በዝናብ ደጃችን ድረስ መጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ የአባቴን ስም ሦስት ጊዜ አስደግሞ በትክክል ጠርቶት የሄደውን ሽማግሌ ተወዳዳሪ። እያንዳንዷ ቀዳዳ ጠቅ ስትል አባቴ ትንሽ ቆም ይላል።

ስንወጣ፣ "ሰው መረጥኩ" አለኝ። "ማንም አላስመረጠኝም።" እንደዚያ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አይቼው አላውቅም።

እኔም ኮራሁ፤ ኩራቴን ግን የምነግረው ሰው አልነበረኝም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የአባቴ ጓደኛ ቤት ጎራ አልኩና፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ አባቴ ከሁለቱም ፓርቲ እንደመረጠ ነገርኳቸው። እንዲህ ማድረግ እንደሚቻል አስተማሪያችን ነግራናለች ብዬም ጨመርኩበት።

ሰውየው ቴሌቪዥኑን ዘጋ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለሚስቱ፣ ቀስ ብሎ፣ "በሁለት ቢላ የሚበላ ሰው አውቃለሁ" አላት። "ወንድሜን ያስበላው እንዲህ ያለ ሰው ነው።"

ወንድሙ አገራችን ውስጥ በዚያ በክፉው የኮሚኒስቶች ዘመን መገደሉን ያኔ አላውቅም። ፓርቲ ለእኔ ክፍል ውስጥ የተማርኩት ነገር ነበር። ለእሱ ግን፣ ከየትኛው ነህ ተብሎ በር የሚንኳኳበት ነገር ነው። አሁን ይገባኛል። ያኔ ጃኬቴን ይዤ ወጣሁ።

ቅዳሜ አልመጡም። በሁለተኛውም ቅዳሜ አልመጡም፤ ኮል እንኳ አላደረጉም። ጓደኛው ሥራ ቦታም ፈረቃውን አስቀይሯል። አባቴ ምን እንዳጠፋ ግራ ገባው። በሦስተኛው ቅዳሜ እያለቀስኩ ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር።

"ያደረግኩትን ነው የነገርሻቸው" አለኝና ወደ ስልኩ ሄደ። እኔ ንግግራቸውን ልሰማ መኝታ ቤት ያለውን ሌላውን ስልክ ቀስ ብዬ አነሳሁ።

ያነሳችው የጓደኛው ባለቤት ናት። "ኧረ የለም ጋሼ፣ ወጥቷል" አለችው። ወዲያው ከኋላዋ የወንድ ሳል ተሰማ፤ የሲጋራ ሳል፣ እኛ ሳሎን ውስጥ ስንት ጊዜ የሰማነው።

"እሺ እህቴ፣ ሲመጣ ሰላም በይልኝ" አላት አባቴ።

ሳሎን ስመጣ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር።

"የለም አሉኝ" አለኝ፤ "ሥራ በዝቶበት ነው።"

"አዎ፣ ሥራ ይበዛበታል" አልኩት። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።