ለሦስት የተከፈለ ድምፅ

ባለፈው ሳምንት ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስጓዝ፣ አምባ ጊዮርጊስ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ መንገድ ዳር ባለ የገብስ ማሳ ላይ አሮጌ ሲዲዎች በገመድ ተንጠልጥለው ሲያብረቀርቁ አየሁ። ወፍ ለማባረር ነው። ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ «ሸጋ ዘዴ! እንደ ሰው ደክሞት አይተኛ፣ ምሳ አይጠይቅ» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

አባቴ በዚሁ መንገድ ዕድሜውን የፈጀ ነጋዴ ነበር። ጨውና አቡጀዲ በአይሱዙ ጭኖ እስከ አዲ አርቃይ ይወርዳል፤ ሲመለስ ባቄላና ነጭ ሽንኩርት ይዞ ይመጣል። የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ከጋቢው ለቀናት አይለቅም ነበር። ከሸቀጡ ጋር ሁልጊዜ አንድ ትንሽ ቴፕ ይይዛል። ባደረበት ሁሉ ይቀዳል፤ መንዙማ፣ የሠርግ ዘፈን፣ የገበሬ ፉከራ፣ ዝናብ ያገዳቸው ሽማግሌዎች ጨዋታ። እናቴንም ቀድቷታል። እሷ የሞተችው ነፍስ ሳላውቅ ስለሆነ፣ መልኳን ከፎቶግራፍ ብለየውም ድምፅዋን አላውቀውም ነበር።

ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ተመርቄ ሥራ ስጠብቅ፣ አባባ በጆንያ የታጨቁ ካሴቶች አምጥቶ ክፍሌ ውስጥ አስቀመጠ። ብዙዎቹ ሻግተዋል። ክረምቱን ሙሉ፣ ውጭ ጭቃና ጉም ሆኖ፣ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኳቸው። አንዳንዱ ክር አንድ ጊዜ ከተጫወተ በኋላ ብጥስ ይላል። ከተበጠሱት በአንዱ ላይ ነበር እናቴ የመጣችው። «ምነው አንተ ሰው፣ እጄ ሊጥ ሆኖ እያየህ ትቀዳኛለህ? ዝጋው!» ትላለች። ከዚያ እየሳቀች እኔን እሽሩሩ ትላለች። በራፌን ዘግቼ ከኮምፒውተሩ ደጋግሜ ሰማኋት።

ስብስቡ በአንድ ሲዲ የሚገባ አልነበረም። ወይ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ በዲስኮቹ ላይ ማከፋፈል፣ ወይ ሁሉንም በአንድ ፋይል አሽጌ ያንን ፋይል ለአሥር ዲስክ መቆራረጥ ነበረብኝ። ሁለተኛው ዓይነት አሥሩም ተሟልተው ካልቀረቡ አይከፈትም። ይህን ሁሉ ለአባባ አስረዳሁት። ያን ጊዜ ታሞ ተኝቷል። ከሌላ እናት የሚወለዱት ታላላቅ ወንድሞቼ፣ ከድርና ኑሩ፣ በሱቁ የተነሣ መናቆር ጀምረዋል። በዚያ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሰው መንዙማዎቹን ልግዛ ብሎ ሁለቱንም አጓጉቷቸው ነበር።

«እንግዲያው እሰሪው» አለኝ አባባ። «ይሄ የእኔ፣ ያ ያንተ እየተባባሉ እንዳይቸበችቡት። መስማት ያማራቸው ቀን ተሰብስበው ይስሙ።»

እንዳለኝ አሰርኩት።

አባባ መስከረም ሲያልቅ ሞተ። በሐዘኑ ሰሞን የዘመድ ልጆች ጌም እየተጫወቱበት ሳለ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ። የሻገቱትን ካሴቶች ከገለበጥኳቸው በኋላ ጥለናቸው ስለነበር፣ የቀሩት አሥሩ ዲስኮች ብቻ ናቸው።

ከሰደቃው በኋላ ሽማግሌዎች ውርሱን ሊያካፍሉ ተቀመጡ። የሸሪዓው ሕግ ለወንድ ልጅ ሁለት፣ ለሴት ልጅ አንድ ድርሻ ነው፤ በቤቱም በዕቃውም ቅር አላለኝም። ዲስኮቹ ላይ ሲደርሱ የአባባ የልብ ወዳጅ ሼህ አወል ፊታቸው በራ።

«አሥር ናቸው? አልሐምዱሊላህ! አራት፣ አራት፣ ሁለት። እንዲህ ያለ ሽርፍራፊ የሌለው ክፍያ አይቼ አላውቅም።»

በወንዶች ጉባኤ ፊት መናገር እፈራለሁ። የዚያን ቀን ግን ተነሣሁ። «አባቴ ሼህ አወል፣ እነዚህ ከተለያዩ ባዶ ናቸው። አሥሩ አንድ ላይ ካልሆኑ አይከፈቱም። ጥቂት ቀን ስጡኝና ለሦስታችንም ሙሉ ሙሉውን ልገልብጥ።»

ከድር ሳቀ። «ተማረች ሲሉን ይሄን ነው ለካ! አሥሩንም ይዛ ለእኛ ሽፋኑን ልትሰጠን።»

«ቁልፉንም የሠራችው ራሷ ናት» አለ ኑሩ። ከስንት ጊዜ ወዲህ ወንድማማቾቹ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሼህ አወል አዘኑልኝ። ድርሻዬ ያነሰኝ መስሏቸዋል። «የኔ ሸጋ» አሉኝ፣ «ሁሉም ክብ ነው፣ ሁሉም ያበራል። አንዱ ካንዱ አይበልጥም። አልተበደልሽም።»

ከዚያ ወዲያ ሄጄ ያልለመንኩበት ዒድ የለም። «ለአንድ ቀን አውሱኝ» እላለሁ። ከድር «መጀመሪያ ኑሩ ያምጣ» ይላል፤ ኑሩም «መጀመሪያ ከድር» ይላል። እንዲህ ስንት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ከድር ሰለቸውና አራቱን ሰጠኝ። በዚያው ቀን ሚኒባስ ይዤ ኑሩ ወደሚኖርበት ጠዳ ሄድኩ። ግቢው ስገባ ልጆቹ ዲስኮቹ ላይ እንጨት ሰክተው እንደ መኪና ጎማ ጠጠሩ ላይ ያንከባልላሉ። አንደኛው ለሁለት ተሰንጥቋል። ሌሎቹም ተፋፍቀው የእኔ ፊት እንኳ አልታይባቸው አለኝ።

«ምን ይደረግ፣ ልጅ አይደለም እንዴ?» አለ ኑሩ። «ያንቺ ሁለቱ አሉ አይደል?»

በቀደም እሱው ራሱ ደወለልኝ። ትልቋን ልጁን ሊድር ነው። «እህቴ፣ የአባባን መንዙማ በስልክ ላኪልኝ፤ ሠርጉ ላይ እናሰማዋለን።»

«የለም» አልኩት።

«እንዴት የለም? ኮምፒውተር የተማርሽው አንቺ፣ እንዴት አትይዥውም?»

ደህና ሁን ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። የከድር አራቱና የእኔ ሁለቱ ዲስኮች ቁም ሣጥኔ ውስጥ አንድ ጭረት ሳይነካቸው ተቀምጠዋል። እናቴ በየትኛው ላይ እንዳለች አላውቅም፤ ድምፅዋ መሐል ላይ ተቆርጦ ግማሹ በእኔ፣ ግማሹ በኑሩ ልጆች ጎማ ላይ ወድቆም ሊሆን ይችላል። አባባ የታሰረ ነገር ልጆቹን የሚያሰባስብ መስሎት ነበር። ዛሬ ዛሬ ምነው እንዲቸበችቡት በተውኩላቸው እላለሁ። በሰው ቤትም ቢሆን፣ ማን መሆኗን በማያውቅ ሰው ጆሮም ቢሆን፣ የእናቴ ድምፅ ይሰማ ነበር።