በወንፊት ያለፈው አፈር

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። የሞተ ሰው የለበትም፤ የታሰረም የለም። አንድ መምህሬ ውጭ አገር ሄደው ለዶክትሬት ሊማሩ የነበረውን ዕድል አጡ፤ ያጡትም በእኔ ምክንያት ነው። ይኸው ነው።

የምህንድስና አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህሬ የሴራሚክ ምርምር፣ ማለትም ኃይለኛ እሳት የሚችል ጡብና ዕቃ ከአፈር የመሥራት ጥናት፣ ለመቀጠል ሁለት ጊዜ አመልክተው ሁለቴም አልተቀበሏቸውም። ዘንድሮ ግን አንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ፣ ከአገራቸው አፈር የሠሯቸውን አሥራ ሁለት ትንንሽ ጡቦች እስከ ሚያዝያ መጨረሻ እንዲልኩ ጻፈላቸው። ጡቦቹ እሳቱን ከቻሉ ቦታው የእሳቸው ነው።

አፈሩን ከእንጦጦ ሸክላ ሠሪ ዘንድ እንዳመጣ የመረጡኝ ስለወደዱኝ አልነበረም። ቤቴ የካ ስለሆነ ለእንጦጦ እቀርባለሁ። «እግርህን ነው የምፈልገው፤ ጭንቅላትህን እዚያው ቤትህ ተወው» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሸክላ ሠሪዋ ከባሕር ዛፉ በላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ጎረቤቱ ገንቧቸውን ይገዛል እንጂ ደጃፋቸውን አይረግጥም። ገና ሲያዩኝ፣ «አንተን ደግሞ ምን እግር ጣለህ?» አሉ። ለራሳቸው ሥራ ያዘጋጁትን አፈር ግን በከረጢት ሞልተው ሰጡኝ። «እንዳለ ሥሩበት። ምንም አትንኩት» አሉኝ።

ቤት ወስጄ ሳደርቀውና ስፈጨው ውስጡ አሸዋ የመሰለ ቀይ ፍርፋሪ አየሁ። ቆሻሻ መሰለኝ። መምህሬን ላስደስት ብዬ የእናቴን የዱቄት ወንፊት ወስጄ ሦስት ቀን ነፋሁት። ስወስድላቸው በጣታቸው አሹትና፣ «ጥሩ አፈር ነው» አሉ። ከመስከረም ጀምሮ ከአፋቸው የሰማሁት የመጀመሪያው ጥሩ ቃል ነበር። ስለ ወንፊቱ ጡቦቹ አምረው ሲወጡ ልነግራቸው አስቤ ዝም አልኩ።

ጡቦቹ የክብሪት ቀፎ ያህሉ ነበር። ከእቶኑ ሲወጡ አሥራ ሁለቱም ተሰንጥቀዋል።

«ምን አደረግኸው?»

«እንደሰጡኝ ነው ያመጣሁት፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ያቺ አሮጊት ናት!»

ያመጣሁት አፈር አልቋል፤ ሚያዝያ ሊያልቅ ግን ሃያ ቀን ያህል ይቀረው ነበር። ሌላ አፈር ቢገኝ ጡብ ሠርቶ፣ አድርቆና አቃጥሎ ለመላክ ይበቃል።

በማግስቱ አብረን ዳገቱን ወጣን። መምህሬ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ሰላም እንኳ ሳይሉ፣ አንዱን ስንጥቅ ጡብ ባልቴቷ እግር ሥር ጣሉት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቆሻሻ ነው የሰጠሽኝ! እናንተ ሰዎች እጃችሁ የነካው ሁሉ...» አልጨረሱትም።

ባልቴቷ ጡቡን አንስተው ለሁለት ሰበሩት። ስብራቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

«ገሌ የታለ?»

«የምን ገል?»

«የተሰበረ ሸክላ ወቅጬ እጨምርበታለሁ። እሳት ሲያገኘው እንዳይሰነጠቅ የሚይዘው እሱ ነው። ማነው ያወጣው?»

ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በወንፊት ነፋሁት። የጸዳ ይሻላል ብዬ...»

መምህሬ የሚመቱኝ መስሎኝ ፊቴን ሸሸግሁ። አልመቱኝም። ወደ ባልቴቷ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ከረጢት ብቻ ይስጡኝ።»

«ቅድም አንቺ ሴትዮ ነበርኩ፤ አሁን እማማ ሆንኩ?» ብለው ሳቁ። «ያን የጀመርከውን ስድብ ጨርሰውና እሱን አቡካው። አፈር የለኝም።» በሩን ዘጉብን።

ከእሳቸው ወዲያ ያሉት ሸክላ ሠሪዎችም ጩኸቱን ሰምተው ኖሮ አንዳቸውም አልሰጡንም።

ዳገቱን ስንወርድ መምህሬ ከፊት ከፊት ሄዱ። «ትናንት ብትነግረኝ ኖሮ አልሰድባትም ነበር» አሉ፣ ሳይዞሩ። «ከዛሬ ጀምሮ ቤተ ሙከራዬን እንዳትረግጥ።»

ልክ ናቸው። ያቺን አንዲት ጥሩ ቃል መልሰው እንዳይወስዱብኝ ፈርቼ ነው የዋሸሁት።

መምህሬ የቀሩትን አሥራ አንድ ስንጥቅ ጡቦች ከማብራሪያ ጋር ላኩ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አይመልሱም፤ ክፍል ውስጥም ስም ሲጠሩ የእኔን ይዘሉታል። ቦታው ለሌላ ሰው መሰጠቱን የሚገልጸው ደብዳቤ የደረሳቸው ሰኔ 8 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው።