የሟች ጓደኛው ገጾች

ሙጫው ይሉታል። በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት የተቀደዱ መጻሕፍት ሲጠርዝ ጣቶቹ ስለሚጣበቁ ብቻ አይደለም፤ አንዴ የያዘውን ነገር ስለማይለቅም ጭምር ነው።

ከሥራ በኋላ እሱና ጓደኛው፣ መጽሐፍ መዝጋቢው፣ ለትንንሽ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ለሚታደል የመጻሕፍት መመዝገቢያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ድረ ገጽ በበጎ ፈቃድ መመሪያ ያዘጋጁ ነበር። መዝጋቢው ይጽፋል፤ ሙጫው የፊደል ስሕተት ይለቅማል። መዝጋቢው ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል።

ዘንድሮ ፕሮግራሙን የሚያድለው ማኅበር የድረ ገጹን ጽሑፎች የአጠቃቀም ፈቃድ ሊቀይር ተነሣ። በድሮው ፈቃድ ጽሑፉን እንዳለ መቅዳት እንጂ መለወጥ አይቻልም፤ መመሪያው ደግሞ አርጅቷል። የቅጂ መብቱ የማኅበሩ ሳይሆን የየጸሐፊው ስለሆነ እያንዳንዱ እሺ ማለት አለበት። እሺ ያልተባለበት ገጽ ይነሣል።

“የእሱንም እርስዎ እሺ ይበሉልን” አለችው የማኅበሩ አስተባባሪ በስልክ። “መቼስ ጋሼ፣ ሟች ተነሥቶ አይከሰን!”

“እሱማ አይከሰንም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። መብቱ አሁን የሚስቱ ነው፤ እሷን ልጠይቅ።”

ሄደ። ባልቴቷ የተጣጠፈ ልብስ ከወንበሩ ላይ አንሥታ እንዲቀመጥ ጋበዘችው። የመጣበትን ነገራት።

“ይለወጣል ማለት... የእሱ ቃል ይጠፋል?”

እዚህ ላይ መሸፋፈን ይችል ነበር። “ስሙ ይቀራል” ብሎ ቢያቆም እሺ ትለው ነበር። 

“ስሙ ይቀራል፣ እቴ። ቃሉ ግን ሲታረም ሲታረም አንዱም ላይተርፍ ይችላል።”



“እንግዲያው አልፈቅድም፣ ወንድሜ። ‘አይዞህ፣ ብትሳሳት መደርደሪያው አይወድቅብህም’ ብሎ የጻፈው አለ አይደል? እሱን ሳነብ ሳቁ ይሰማኛል... ተቀየምከኝ?”

“ኧረ በጭራሽ!”

አልተከራከራትም። ገጾቹን እንዳሉ አትሞ፣ በክር ሰፍቶ፣ ጠንካራ ልባስ አልብሶ ወሰደላት፤ ይህን የድሮውም ፈቃድ አይከለክልም። ከዚያ በገዛ እጁ ከድረ ገጹ አነሣቸው።

አዲሱን መመሪያ የሚጽፍ ሰው ጠፋና ሥራው እሱው ላይ ወደቀ። ቢጀምር የሚመጣለት ሁሉ የጓደኛው አነጋገር ሆነ። ይጽፋል፣ ያነባል፣ “ይሄ የእሱ ነው” ብሎ ይሰርዛል። ብዙ ከተሰረዘ በኋላ አንዲት ወዝ የሌላት መስመር ወጣች፦ “መጀመሪያ የመጽሐፉን ርዕስ ይጻፉ።” ደጋግሞ አነበባት። አትጥምም። ግን የራሱ ነበረች፤ አልሰረዛትም።