ባሩድና የሦስት ጎረቤት ፊርማ

ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ግድግዳ እንጋራ ነበር፤ የስፌት መኪናው ድምፅ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ሰፈሩ ሁሉ ባሩድ ይለዋል፣ ቶሎ ስለሚነድ። እጁ ግን ለጉድ ነው። ኮት ሲሰፋ ክሩ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ አይታወቅም።

ከአባቱ የወረሰው ጠመንጃ ነበረው። ከስፌት መኪናው በላይ ተሰቅሎ፣ ሱሪ ሊለካ የመጣ ሁሉ ቀና ብሎ ያየዋል። ባሩድ ሲናደድ፣ መቼስ ሳይናደድ የሚውልበት ቀን የለም፣ "አንቺ! ጠመንጃዬን አምጪልኝ!" ብሎ ይጮኻል። ልብ በሉ፣ የተቀመጠው እዚያው ጠመንጃው ሥር ነው፤ እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል። ሚስቱ ከጓዳ "እጄ ሊጥ ነው" ትለዋለች። ያ ሊጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አላለቀም።

ሰፈሩ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር፣ አልዋሽም።

አንድ ዓመት አዲስ ደንብ ወጣ። መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስመዝግብ፤ ፈቃድ የሚያገኘው ግን ግድግዳና አጥር የሚጋሩት ሦስት ጎረቤቶች "በዚህ ሰው እጅ መሣሪያ ቢኖር አንሰጋም" ብለው ሲፈርሙለት ነው፤ ያላሟላ ያስረክብ ተባለ። በዕድሜዬ ስንቱን ደንብ አይቻለሁ። ያንን ያወጣው ሰው ግን ጎረቤት የነበረው ሰው መሆን አለበት።

ባሩድ ወረቀቱን ይዞ ፈዝዞ ቀረ። ሦስታችንም ላይ ዝቷላ! በቀኝ ዳቦ ጋጋሪው ላይ በጢሱ ሰበብ፣ ከኋላ መምህሯ ላይ በውሃ መውረጃዋ፣ በግራ እኔ ላይ በዶሮዬ።

የጠመንጃው ነገር ግን ለእሱ ቀልድ አልነበረም። አባቱ ሌላ የተወለት ነገር የለም፣ ፎቶ እንኳ። "እሱን ካስረከብኩ አባቴን ሁለተኛ ቀበርኩት" ይል ነበር።

መጀመሪያ ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ሄደ። እኔም ዳቦ ልገዛ ቆሜ ነበር።

"ጋሼ፣ ባለፈው ወር ግንባርህን ነው የምልህ አላሉኝም?"

"አይ፣ እሱማ የአፍ ነው እንጂ..."

"የቱን ግንባሬን? ዱቄት ያለበትን ነው የሌለበትን?"

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። ባሩድ ፊቱ ተለዋወጠ፣ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ንዴቱን ሲውጠው በዓይኔ አየሁ።

"መዋጥ ከቻሉማ እፈርማለሁ" አለ ዳቦ ጋጋሪው። የጣቱ ዱቄት ወረቀቱ ላይ ቀረ።

መምህሯ ወረቀቱን እንደ ፈተና አገላብጣ አየችው። "ጥይቱ የት ነው?"

"መሳቢያ ውስጥ፣ ከመርፌው ጋር።"

"ያመጡልኝና እኔ ቤት ይቀመጣል። ያኔ እፈርማለሁ።"

"መምህርት፣ ያለ ጥይት ምን ጠመንጃ አለ?"

"ጠመንጃው የአባቴ ማስታወሻ ነው አላሉም? ለማስታወስ ጥይት ምን ያደርጋል?"

አምስቱን ጥይት በካልሲ ቋጥሮ ወሰደላት።

ቀረሁ እኔ። ኮቱን ለብሶ መጣ። "እትዬ፣ መቼም አንቺ እንደ እህቴ ነሽ።" በዶሮዬ ነገር ላሾፍበት ምላሴን ስዬ ነበር። አፌን ሳልከፍት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ከጓዳ ወጣች።

"እማዬ፣ እንዳትፈርሚ!"

"ምን አደረግኩሽ ልጄ?" አለ ደንግጦ።

"ጠመንጃዬን አምጪ ሲሉ አልጋ ሥር ነው የምገባው። የቤት ሥራዬን እዚያ ነው የምጨርሰው።"

እኔ እናቷ አላውቅም ነበር። ስስቅ፣ እሷ አልጋ ሥር ነበረች ማለት ነው።

"ጨዋታ ነው እኮ" አለ ባሩድ። "ሚስቴም አታመጣውም።"

"እሳቸው የሌሉ ቀንስ?"

አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሜትር ጠቀለለ፣ ፈታ፣ እንደገና ጠቀለለ። ጥይቱ እኮ መምህሯ ዘንድ ነው ልል ቃጣኝ፤ ጥይት ሌላም ይገኛልና ተውኩት። ሳያስፈርም ሄደ። ማታውን ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ብደግን የስፌት መኪናው እንኳ አይሰማም።

በሦስተኛው ቀን በኮት ገበር የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣና ለልጄ ሰጣት።

"ይሄ ማጉረሻው ነው፤ ጥይት እየሳቡ የሚያጎርሱበት ብረት። ያለ እሱ ጠመንጃው ዱላ ነው። አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። ካልፈቀድሽ እኔም አልወስደውም።"

ልጄ በእጇ መዘነችው። "ከባድ ነው" አለች። ቀጥላም "ፈርሚ እማዬ።"

ፈረምኩ። ሦስታችንም አጅበነው መዝገብ ቤት ሄድን። ጸሐፊው ጠመንጃውን አገላብጦ "ይሄ ሙሉ አይደለም" አለ።

"ሙሉ ነው" አለ ባሩድ። "ሦስት ቤት ነው የሚኖረው።"

ጸሐፊው ራሱን አከከ፤ ደንቡ ላይ የሚከለክል ነገር ፈልጎ አጣና ማኅተሙን መታ።

ብዙም ሳይቆይ የዳቦ ቤቱ ጢስ ለሙሽራ በጨረሰው ነጭ ቀሚስ ላይ አረፈ። ባሩድ አረፋ እየደፈቀ በሬን በረገደው።

"እትዬ! ማጉረሻውን!"

"እሺ ወንድሜ። የልጅቷ ፈቃድ ግን ያስፈልጋል፤ ትምህርት ቤት ናት።"

"ስንት ሰዓት ትመጣለች?"

"ዘጠኝ ተኩል።"

ገና አምስት ሰዓት ነበር። እጠብቃለሁ ብሎ ተቀመጠ። መጀመሪያ ዳቦ ጋጋሪውን ሰደበ፣ ከዚያ የዳቦ ጋጋሪውን አያት። በሰባት ሰዓት ስለ አባቱ ያወራኝ ጀመር፤ ሰውየው ጠመንጃውን በትከሻው ይዞ ከቤቱ ድመት ይሸሽ እንደነበር። እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። በስምንት ሰዓት ወንበሩ ላይ አንቀላፋ።

ልጄ ገብታ ቦርሳዋን አወረደች። "ጋሼ፣ ፈልገውኝ ነው?"

ነቃና ዓይኑን አሸ። "ፈቃድሽን ልጠይቅ ነበር።"

"የምን?"

ትንሽ አሰበ። "ረሳሁት" አለ።

"እንግዲያው አልፈቀድኩም።"

"እሺ እመቤቴ" ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ።