የጣቱ ጭቃ ያለበት ማመልከቻ

አጎቴ ሞተ ያለኝን ሰውዬ ሰደብኩት። ጠዋት እኮ አምቦ ችግኝ ጣቢያችን አብረን ነበርን! ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሰክቶ ሳያይ አንድም ችግኝ ውሃ አያጠጣም ነበር። እጁ ሁሌ ጭቃ ስለሆነ ሰላም የሚለው በክንዱ ነበር።

ያን ጠዋት በዚያው ጭቃ ጣቱ የጣቢያ ኃላፊነት ማመልከቻ ቅጽ ሰጠኝ።

«አስረኛ ክፍል የወደቀን ማን ይሾማል፣ ጋሼ?»

«አንተ አፈኛ፣ ችግኝ ጠብቅ አልኩህ እንጂ ሚኒስትር ሁን አልኩህ?»

ሳቅኩበት። ከሰዓት እኔ በሌለሁበት እዚያው የችግኝ መደቡ አጠገብ ወደቀ።

ከቀብሩ ማግስት ቅጹን ሞልቼ ቢሮ ወሰድኩ።

«ቆሽሿል፣ ሌላ ሙላ» አለች ጸሐፊዋ።

«የሱ ጣት ነው! አልቀይርም!»

ቅጹን ተቀበለችኝ።

ጣቢያ ስመለስ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰካሁ። ደርቋል። እሱ ከወደቀ ጀምሮ አንድ ሰው እንኳን ውሃ አላጠጣም።