ነገው የማይመጣ ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው «ነገ ይደርሳል» ሳይል የዋለበት ቀን የለም፤ ነገው ግን መጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን ታዲያ ውሸት እግዚአብሔርን እንደሚያሳዝን ሲሰበክ ሰምቶ ክው አለና፣ ከእንግዲህ ላይዋሽ ለአምላኩ ቃል ገባ።

በማግስቱ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ፣ ልጃቸውን የሚድሩ እናት ከተፍ አሉ።

«እህስ፣ የሙሽራዬ ቀሚስ ደረሰ?»

«አዝራር ብቻ ቀረው፣ እማማ» የምትለዋ የለመዳት መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች። እንደ ምንም ዋጣት።

«እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ጨርቁ ላይ ገና መቀስ አላረፈበትም!»

ሴትዮዋ ከት ብለው ሳቁ።

«አንተ ቀልደኛ! እንዲህ የምታሾፈውማ ጨርሰኸው ነው። በል ነገ መጥቼ እወስዳለሁ» ብለውት እየሳቁ ወጡ።

ልብስ ሰፊው ጣራ ጣራውን አየ።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ምላሴን ብቻ የምትፈልግ መስሎኝ ነበር» አለና መቀሱን አነሳ።